ወደ ውስጥ የታጠፈው ቤት

መስከረም 17

ለእታለም፣ ለአጎቴ ልጅ፣ እህት ለሌለኝ እህት ለሆንሽኝ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ትከሻሽ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆቱ በቀር ደህና ነኝ። ለዚህ ያደረሰን አምላክ ይመስገን፣ እናንተንም ክፉ አያሳያችሁ።

ሥራው ያው ነው። ካርቶን ይመጣል፣ ማሽኑ ይቆርጠዋል፣ እኔ አነሣለሁ፣ እደረድራለሁ። ቀኑን ሙሉ «ጧ… ጧ… ጧ» ሲል ይውላል። ለምሳ እንኳ አይቆምም፤ የምንቆመው እኛ ነን፣ ያውም በየተራ። ክፍላችንም እንደነበረ አለ፦ ሦስት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ በር። አንደኛው አልጋ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ሁለተኛው የቀለም ቀቢው፣ ሦስተኛው የእኔ።

እታለም፣ ዛሬ የጻፍኩልሽ ለአንድ ነገር ነው። ሾፌሩ ከአልጋው በላይ ልጁ የሣለችለትን ለጥፏል። ቤት አለ፣ ፀሐይ አለች፣ አበባ አለ፣ ከታች «አባዬ እወድሃለሁ» ይላል። ቀለም ቀቢው ደግሞ ልጆቹ የሚልኩለት ሥዕል የእሱን ግድግዳ ሞልቶ ወደ እኔ ድንበር ሊሻገር ምንም አልቀረው። የእኔ ግድግዳ ላይ እርጥበት የሠራው ቢጫ ነገር ብቻ ነው ያለው። ባለፈው ሾፌሩ እሱን አየና «ይህን ያንተዋ ልጅ ናት የሣለችው?» ብሎ ቀለደብኝ። አብሬው ሳቅሁ። ኋላ ግን ሆድ ባሰኝ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

እንደምታውቂው በምሳ ዕረፍቴ እደውላለሁ፤ የእኔ ምሳ ሚጡ ከትምህርት ቤት ከምትገባበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። ማሽኑ አጠገብ በሩ ጋ ቆሜ ነው የምደውለው፤ ፋብሪካው ውስጥ ሌላ ቦታ መስመሩ አይይዝም። እማዬ «አባትሽ ነው፣ እንኪ አናግሪው» ብላ ትሰጣታለች። ከዚያ ዝም። «ሚጡዬ፣ እንዴት ነሽ? ትምህርትስ? በላሽ?» እላለሁ። ትተነፍሳለች። እኔ ማሽኑን ለማሸነፍ እጮኻለሁ፣ እሷ ትተነፍሳለች። ትቻት ወደዚህ ሰው አገር ስመጣ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ሁለተኛ ክፍል ገባች። እናቷን ሞት ወሰደባት፣ አባቷን ደግሞ እንጀራ። ልጄ የምታውቀኝ አይመስለኝም፣ እታለም። ይኸው፣ ተናገርኩት።

አንቺ እዚያው ትምህርት ቤቷ ውስጥ የሥዕል አስተማሪዋ ነሽ። ስለዚህ በሞቴ፣ አንድ ሥዕል አሠሪልኝ። ቤትም ይሁን፣ አበባም ይሁን፣ ከታች ግን «ለአባዬ» ይበል። የእማዬ ስልክ ፎቶ የማትቀበል ቁልፋም ስለሆነች በፖስታ ላኪልኝ፤ ደግሞም የምፈልገው የሚለጠፍ ወረቀት ነው።

ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ።

ወንድምሽ፣ ጭምቱ

*

ጥቅምት 21

ለወንድሜ ለጭምቱ፤ በአፍ ቆጥቦ በደብዳቤ ለሚያንበለብለው፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ትከሻዬ እንዳለ ነው፣ አንተን ለመገሠጽ ግን አያንስም። እናትህ ደህና ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው ሲንኳኳ ከመንገድ ይሰማል። ሚጡም ደህና ናት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ብቅ ብለዋል። አምላክ ጥላህን አይንሣን።

ደብዳቤህን ሳነብ አንጀቴን በላኸው፣ አልዋሽህም። ወረቀትና የቀለም እርሳስ ላቀርብላት ተነሥቼ ነበር። መልሼ ተቀመጥኩ። አየህ፣ እኔ ልጅን «ይህን ሣይ» አልልም። እንዳትቀየመኝ፣ ላስረዳህ።

ክፍሌ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች፣ ድሮ የተሰበረ ወንበር የሚከመርባት ጠባብ ክፍል ናት። አጸዳኋት፣ አንዱን ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ አስደረግኩበት። መደርደሪያው ላይ የሌለ የለም፦ ቆርኪ፣ ሽቦ፣ የእናትህ ጨርቅ ቁርጥራጭ፣ የልብስ ቁልፍ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ክዳኑ የጠፋበት ጣሳ። ልጆቹ ሲገቡ ሰሌዳው ባዶ ነው። ናሙና የለም። የፈለጉትን ያነሣሉ፣ የፈለጉትን ይሠራሉ፣ ሲጨርሱ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጣሉ። «ይህ ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፣ ለእኔም ጭምር። መናገር የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ይተዋል። መጀመሪያ ሰሞን «ምን እንሥራ?» እያሉ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ነበር። አሁን ደወል ሲደወል የማይወጡልኝ ሆነዋል።

ሚጡን የጠየቅከኝ እንደሆነ፣ እሷ እስካሁን ምንም ሠርታ አታውቅም። አትደንግጥ። መደርደሪያው ፊት ትቆማለች፣ አንድ ነገር ታነሣለች፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትነቀንቀዋለች፣ ትመልሰዋለች። ደግሞ ሌላ ታነሣለች። ምን እንደምትፈልግ አላውቅም፣ አልጠየቅኋትም። ስልኩን በተመለከተ ግን እኔም አይቻለሁ፤ እናትህ አጠገቧ ቆመው «በይ ቶሎ፣ ደቂቃው እንዳያልቅበት!» ሲሏት እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። እንደማታውቅህ ሰው አትይዘውም። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።

ዳይሬክተራችን (እኛ «ቀጥ በሉ» ነው የምንላቸው፣ ከአፋቸው ስለማይጠፋ) ትናንት ክፍሌን ዞረው ዞረው አዩና «መምህርት፣ ይህ ሥዕል ነው ወይስ ቆሻሻ?» አሉኝ። በሰኔ የወላጆች ቀን አለ። የሚታይ፣ የጸዳ፣ ተመሳሳይ ሥራ ካላቀረብኩ ክፍሏ ወደ ወንበር ማከማቻነቷ ትመለሳለች አሉኝ። ምላሴን ውጬ ዝም አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ለግድግዳው አንድ በአንድ መለስኩላቸው፤ ሌላ የሚሰማኝ ማን አለ?

ስለዚህ አንተም በፈንታህ አንድ ነገር አድርግልኝ። ፋብሪካችሁ የሚጥለው የካርቶን ቁርጥራጭ ካለ ላክልኝ። ምንም ዓይነት ይሁን።

እህትህ፣ የቆሻሻዋ አስተማሪ

*

ኅዳር 29

ለእታለም፤

ደብዳቤሽ በጤና አገኘኝ። ጤናሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ይባረክ።

መቼም አንቺ «አይሆንም» ስትይ እንኳ ሰው እንዲስቅ አድርገሽ ነው። ሳቅኩ። ግን እታለም፣ አንዲት ወረቀት ምን ነበረባት? የሾፌሩ ልጅ አስተማሪዋ አዛት ነው የሣለችው፣ እሱ ግን ሥዕሉን በየቀኑ ያያል። ታዘዘች አልታዘዘች ማን ይጠይቃል? የኔዋ ጣሳ ስትነቀንቅ ትዋል ማለትሽ ነው? ይሁን። አልጨቀጭቅሽም።

ቁርጥራጭ ላክ አልሽኝ። ቁርጥራጭ መላክ አፈርኩ። የራሴ ልጅ የምትማርበት ክፍል ውስጥ የፋብሪካ ውዳቂ ይግባ? ስለዚህ የተሻለ ነገር አሰብኩ። አለቃችንን ለምኜ፣ በዕረፍቴ ጊዜ እየገባሁ፣ ለክፍልሽ ልጆች በሙሉ የካርቶን ቤት ቆረጥኩላቸው። ማጣበቂያ አይፈልግም፤ መሥመር መሥመሩን ማጠፍ ነው፣ ይቆማል። በርና መስኮቱን፣ በበሩ ግራና ቀኝ ያሉትን አበቦች ማተሚያ ክፍል ያለው ልጅ አተመልኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ «የሷ በለጠ» ብሎ የሚያለቅስ ልጅ አይኖርም። ቀጥ በሉም ደስ ይላቸዋል፣ ክፍልሽም ትተርፋለች። አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን ችግርሽን የፈታሁት መስሎኝ ሰሞኑን ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው፣ አትሳቂብኝ።

የሚጡን ምልክት አድርጌበታለሁ፣ ጣሪያው ላይ ትንሽ ነጥብ አለች። ለእሷ ስጫት። አጣጥፋ ስትጨርስ ብቻ… ብቻ ከታች «ለአባዬ» ብትልበት ከቤቱ ጋር መልሰሽ ላኪልኝ። አዘዝከኝ አትበዪ፤ ብትልበት ነው ያልኩት።

ወንድምሽ

*

ጥር 26

ለወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? ብርዱ ከበደህ? መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ዕቃህ ደረሰ። ቤቶቹ ያምራሉ፤ እጅህ ይባረክ። መሥመሩ፣ ማዕዘኑ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር። ዳይሬክተራችን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «መምህርት፣ እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ የሚያመኝን ትከሻ። እኔም ጨከን ብዬ አደልኳቸው። ልጆቹ አጠፉ፣ አቆሙ፣ ጨረሱ። ክፍሏ እንዲያ ዝም ብላ አታውቅም፤ ፈተና ላይ ያሉ ነው የሚመስሉት። አንዷ «መምህር፣ ትክክል ነው?» አለችኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እንዲህ ብዬ ስጽፍልህ ውለታህን መርገጤ አይደለም። አንተ ለደግ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ፤ የዕረፍት ሰዓትህን አሳልፈህ ሰጠህ። ግን ላንተ ያልነገርኩህን ለማን እነግራለሁ?

ሚጡ ግን ያንተን ቤት ገለበጠችው። ባዶው የካርቶን ገጽ ወደ ውጭ፣ በሩና አበቦቹ ወደ ውስጥ። ከውጭ ስታየው ቡናማ ሣጥን ነው። ዳይሬክተራችን አዩና «ይቺ ልጅ ተሳስታለች፣ አስተካክይላት» አሉ። አላስተካከልኩም። እሷም ሳትጠየቅ «አበባው ውስጥ ላለው ሰው ነው» አለችኝና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። ሄደች። «ለአባዬ» የሚል አልጻፈችበትም። ስለዚህ አልላክሁልህም፤ የእሷ ነው።

ግን ያንተ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ያ ግድግዳህ ዓይኔ ላይ ሄደ። ስለዚህ፣ አንተ ትሙት ብዬ እነግርሃለሁ፣ የራሴን ደንብ ጣስኩ። ከክፍል ስትወጣ ጠርቼ ወረቀትና የቀለም እርሳስ ሰጠኋትና «አባትሽን ሣይልኝ» አልኳት። ሣለች። ከታች «ለአባዬ» በይበት አልኳት። አለችበት። አዝዣት ነው የሠራችው፣ በዚህ አልሸውድህም። አብሮ ተልኳል። እየውና ጻፍልኝ።

እህትህ

*

መጋቢት 18

ለወንድሜ፤

ደህና ነህ ወይ? ደብዳቤዬ አልደረሰህም? ሥዕሉስ? እናትህ በስልክ «ደህና ነኝ ብሎኛል፣ ድምፁ ግን ደህና አይደለም» አሉኝ። ሚጡን ማናገር እንኳ ቀንሰሃል አሉ። የምትቀየመኝ እኔን ከሆነ እኔን ተቀየም፣ ልጅቷን ተዋት። ስልኩ በሚጮህበት ሰዓት በር ላይ ትቆማለች።

ለእኔ የሚጽፍልኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ታውቃለህ። ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የምመለከተው በሩ ሥር ነው። ወንድሜ፣ አንድ ቃል እንኳ ቢሆን ጣል አድርግልኝ።

እህትህ

*

ሚያዝያ 30

ለእታለም፤

አምላክ ጤናሽን ይስጥሽ። ስለቆየሁ ማሪኝ። አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩሽምም።

ሥዕሉ ደርሶኛል። ፖስታውን እዚያው የፋብሪካው በር ላይ ነው የቀደድኩት፣ ክፍል እስክደርስ አልቻልኩም። ሰውየው ያምራል። ጫማው ጥቁር ነው፣ ሸሚዙ ሰማያዊ ነው፣ ከታች «ለአባዬ» ይላል፣ የተጠየቀው ሁሉ አለበት። ጢም ደግሞ አለው። ግራና ቀኝ የተንዠረገገ ትልቅ ጢም። እታለም፣ እኔ በሕይወቴ ጢም ኖሮኝ ያውቃል?

ወሰድኩት፣ ከአልጋዬ በላይ ለጠፍኩት። ሾፌሩ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ደግሞ ሥዕሉን አየው። የሚቀልደው ሰውዬ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር። አንሥቼ ፍራሼ ሥር ከተትኩት።

ልጄ እኔን አታውቀኝም። ጠርጥሬ ነበር፣ አሁን አወቅሁ። በማን ልፍረድ? እማዬ ግድግዳ ላይ ያለው የስምንተኛ ክፍል ፎቶዬ ነው። ከዚህ የላኩት ከሠራተኞቹ ጋር የተነሣሁት ነው፣ ሁላችንም የአቧራ ጭምብል አድርገናል። ሌላ የለኝም። ከምኑ ታውቀኝ?

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ፣ ግን እንዳትስቂብኝ። ይልቅ ሳቂ። ጢሜን አሳደግኩ። መላጨት ተውኩት፣ ከአፍንጫዬ ሥር ያለውን ብቻ። መጀመሪያ የቆሸሽኩ ነበር የምመስለው። አለቃችን «ምነው፣ ፖሊስ እየፈለገህ ነው እንዴ?» አለኝ። ቀለም ቀቢው በመቀስ ግራና ቀኙን አስተካከለልኝ። አንድ ቀን ስመለስ አየር ማረፊያ ላይ ቆማ የሣለችውን ሰው ብትፈልግ፣ ቢያንስ ጢሙን ታገኘዋለች ብዬ ነው። ከዚያ ሥዕሉን ከፍራሼ ሥር አውጥቼ መልሼ ለጠፍኩት። አሁን እንመሳሰላለን።

ከእንግዲህ ግን አትዘዣት። አንቺ ትክክል ነበርሽ። ለምኜ ያገኘሁት የሌላ ሰው መልክ ሆነ።

ቤቶቹንም እርሺያቸው። አሁን የላኩልሽ መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ነው፦ ቁርጥራጭ። ያልታተመ፣ ያልተሠራ። ረዣዥሙ ከጠርዝ የሚወጣ ነው። ክብ ክቡ ማሽኑ የሣጥን እጀታ ሲበሳ የሚጥለው ነው፣ እግራችን ሥር ሲንከባለል ይውላል። ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ አልጠይቅሽምም።

ወንድምሽ፣ ባለጢሙ

*

ሰኔ 24

ለወንድሜ ለባለጢሙ፤

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጢምህን ግን ባለበት ያቁመው! ደብዳቤህን አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ ስስቅም ሳለቅስም ሰው አየኝ። የሒሳብ አስተማሪው «ደህና ነሽ?» ብሎ ሻይ አመጣልኝ።

መጀመሪያ ጢሙን ልንገርህ። አባትሽን ሣይ ስላት አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ «አባት ምን ይመስላል?» ብላ ጠይቃታለች። ያቺ ደግሞ የራሷን አባት ነገረቻት። ባለጢሙ የእሷ አባት ነው። ሚጡ አልረሳችህም፤ የማታውቀውን አዘዝኳት፣ ታዘዘች። ጥፋቱ የእኔ ነው።

አሁን ደግሞ ቁጭ ብለህ ስማኝ። ቁርጥራጩ በደረሰ ቀን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ልጆቹ ተራወጡበት፣ ክፍሏ ወደ ጩኸቷ ተመለሰች። ሚጡ እንደልማዷ አንድ ታነሣለች፣ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ ትጥላለች። ከዚያ ክብ ክቡን አንድ እፍኝ አነሣች፣ ነቀነቀች፣ ቆመች። ደግማ ነቀነቀች። «ይኸው» አለች፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሷ። ያን የገለበጠችውን ቤት ከመስኮቱ አወረደች። ክቦቹን እየበሳች ከእናትህ በመጣ ክር ሰካካቻቸው፣ ከጣሪያው ሥር ወደ ውስጥ አንጠለጠለቻቸው፣ ዘጋችው። ቀለም አልቀባችም። እኔ ምንም አልገባኝም፣ ደንቤን ግን በዚህ ጊዜ ጠበቅሁ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ዳይሬክተራችን ያንተን ቤቶች በሰልፍ አስደርድረው የሚጡን ከኋላ ሸሸጉት። እኔ ደግሞ ዘወር ሲሉ አውጥቼ ልጆቹ በቁርጥራጩ ከሠሯቸው ነገሮች ጋር መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩት። እያንዳንዱ ልጅ ከሥራው አጠገብ ቆመ። እናትህ የሚያስረክቡት ልብስ ይዟቸው ዘግይተዋል። ሚጡ ብቻዋን ቆማለች፣ እጇን ሣጥኗ ላይ አድርጋ። እኔን!

ያ ባለጢም ሰውዬ፣ የጓደኛዋ አባት፣ መጣና ጎንበስ ብሎ «ማሚ፣ ይህ ምንድነው?» አላት። የተከለከለውን ጥያቄ! ልገሥጸው አፌን ስከፍት እሷ ሣጥኑን አንሥታ ጆሮው ላይ አደረገችና ቀስ እያለች ነቀነቀችው። ጧ… ጧ… ጧ።

«አባቴ ነው» አለችው።

«አባትሽ?»

«እ። ሲደውል ከኋላው እንዲህ ይላል።»

«እሱስ ምን ይልሻል?»

«ብዙ ነገር። እኔ ዝም ካልኩለት ብዙ ያወራል። እኔ ካወራሁ ግን ደቂቃው ያልቅበታል።»

ወንድሜ፣ ያ ሁሉ ጣሳ፣ ያ ሁሉ ቆርኪ፣ አንተን ስትፈልግ ነው የከረመችው። ባለጢሙ ሰውዬ ጢሙን ዳበስ ዳበስ አደረገና ሄደ። እናትህ ሲደርሱ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና «አበስኩ ገበርኩ፣ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋት» ብለው ተቀመጡ።

ክፍሏን ዳይሬክተራችን ግማሹን ለወንበር፣ ግማሹን ለእኔ ብለው ፈረዱ። ይሁን፣ በግማሿም እንሠራለን።

ሣጥኑን እንድልክልህ አልጠየቅኋትም። ራሷ ናት ይዛ የመጣችው። «ይሂድለት፣ ግን እንዳይከፍተው በዪው» አለችኝ። ይኸው፣ ተቀበል።

እህትህ

*

ነሐሴ 9

ለእታለም፤

ምን ብዬ ልመርቅሽ? የምርቃት ቃል አጠረኝ። እጅሽ አይዛል፣ ደጅሽ ሰው አይጣ።

ሣጥኑ ደረሰ፣ አንዱ ማዕዘኑ መንገድ ላይ ተጨፍልቋል። ሾፌሩ ከእጄ ተቀብሎ ነቀነቀውና «ውስጡ ተሰብሯል መሰለኝ» አለኝ። «አልተሰበረም፣ እሱ እኔ ነኝ» አልኩት። አልገባውም። እንዲገባው አልፈለግሁም፤ ለጊዜው ለብቻዬ ይሁን። አልከፈትኩትም። አበባው ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፣ ራሴ ነኝ የቆረጥኩት። ካርቶን ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ትራሴ ራስጌ አስቀመጥኩት። ግድግዳው ላይ ባለጢሙ አለ። የእኔን ጢም ገና አልላጨሁትም። ልላጨው ወይስ ልተወው ብለሽ ግን አትጠይቂያት።

ትናንት እሑድ ደወልኩ። በሥራ ቀን በጩኸት ስንቱን አሳለፍን፣ ዛሬስ ድምፄን ጥርት አድርጋ ትስማኝ ብዬ ከክፍሌ ነው የደወልኩት። ሾፌሩም ቀለም ቀቢውም ወጥተዋል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እማዬ በዚህ ጊዜ ስለ ደቂቃ ምንም ሳትል ሰጠቻት። ያው ትንፋሽ። በላሽ ወይ አላልኳት፣ ትምህርት እንዴት ነው አላልኳት። አወራሁላት። ስለማይዘጋው በራችን፣ ስለ ቀለም ቀቢው ማንኮራፋት፣ ጢሜ ሾርባ ውስጥ ስለሚነከርበት ነገር ነገርኳት። እሷ ዝም። እኔ ግን በዚያ ዝምታ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩበት፣ እታለም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ ተናገረች።

«ማሽኑ የት ሄደ?»

  «ዛሬ አርፏል» አልኳት።

«አንተስ?»

«እኔም አርፌያለሁ።»

ትንሽ ተነፈሰች። ሣጥኑን አንሥቼ በስልኩ አፍ ላይ ነቀነቅሁላት፤ ጧ… ጧ… ጧ።

«እሺ በቃ» አለችኝ፣ «አውራ፤ እየሰማሁህ ነው።»

ወንድምሽ